ዋስ የሌለው ትውውቅ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ መጠናናትና ማጣራት በአሶሳና በአካባቢዋ



በአሶሳ ቤት ለመከራየት የሞከረ ሰው አከራዩ ስለ ዋጋው ከተነጋገረ በኋላ ምን እንደሚጠይቀው ያውቃል። «እዚህ ከተማ ማን ያውቅሃል?» ይለዋል። ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ተያዥ ያቀርባል። የቤት ሠራተኛ የምትቀጥር እናት ዋስ ትጠይቃለች። ባንክም ለአብዛኛው ብድር መያዣ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ስናደርግ ሰውየውን «ሌባ ነህ» እያልነው አይደለም፤ ነገሩ ቢበላሽ የምንጠይቀው ሌላ ሰው እንዲኖር ነው።

አንዲት የ19 ዓመት ተማሪ ግን እኩለ ሌሊት ላይ፣ በዶርሟ አልጋ ላይ ተኝታ፣ በቴሌግራም ከተዋወቀችው ሰው ጋር የሕይወቷን ጉዳይ ስትጀምር «ማን ያውቅሃል?» ብሎ የሚጠይቅላት ሰው የለም። እርሷም ብትሆን መጠየቁን ታፍራለች፤ ፍቅርን በጥርጣሬ መጀመር ይመስላታልና። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጥያቄ መጥፋት ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። በአገራችን የጋብቻ ልማዶች አገናኙ ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ሁለት ሰዎችን፣ ወይም በትክክል ለመናገር ሁለት ቤቶችን፣ ማገናኘት ነው። ሁለተኛው ለተገናኙት ዋስ መሆን ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ማጣራት፣ ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ ተጠያቂ መሆን። ስልካችን የመጀመሪያውን ሥራ ከአገናኙ እጅ ወስዶ ከእርሱ በላቀ ፍጥነት ይሠራዋል። ሁለተኛውን ግን አልወሰደውም፤ መሬት ላይ ወድቆ ቀርቷል። በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚጀመር ፍቅር በየቢሯችን የምንሰማው አብዛኛው ሐዘን ከዚህ ከወደቀው ሥራ የሚመነጭ ይመስለኛል።

ከደገኛው ልማድ ልነሣ። በአማራው ባህል ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጁ ወገን የልጅቱን ቤት፣ የልጅቱ ወገን የልጁን ቤት በዘመድና በጎረቤት ያስጠይቃል። ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ጋብቻው በሰማንያ ሲፈጸም የነገር አባት ይሰየማል፣ ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ይቆማል። ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠሩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለው ምሳሌ የወጣው ከዚሁ ነው፤ ልጅቱን ራሷን ቀርቦ ማነጋገር በማይቻልበት ዘመን እናትየዋ ምትክ ማስረጃ ነበረች።

ይህ ማጣራት ምን ያጣራ እንደነበር ግን አንርሳ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የሚመጡትን ጠያቂዎች የሚመልሱት አጥንት እየቆጠሩ ነው። ሰውየው ቁጡ ነው ወይስ ርኅሩኅ፣ ልጅቱስ ትወደዋለች ወይ የሚለው ጥያቄ ከአጥንቱ በኋላ እንኳ አይመጣም። አጣሪው የሚያጣራው ለቤቱ ክብር ነበር።

ወደራሳችን ክልል ስንመለስ ዋስትናው ከዚህም የጠበቀ ሆኖ እናገኘዋለን። በጉሙዝ ማኅበረሰብ የኖረው የልውውጥ ጋብቻ በአንትሮፖሎጂ ጽሑፎች በስፋት የሚታወቅ ነው፤ እንግሊዛዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዌንዲ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1975 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ስለ እኅት ልውውጥ ጋብቻ ጽፈዋል። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ወንድ ሚስት ሲያገባ ከራሱ ቤት እኅቱን ወይም ሌላ የቅርብ ዘመዱን ለሚስቱ ወንድም ወይም ወገን ይሰጣል። ሁለት ጋብቻ በአንድ ገመድ ይታሰራል። አንዷ ተበድላ ወደ ቤቷ ከተመለሰች የሌላዪቱም ትዳር ይናጋል። ስለዚህ ባልየው ሚስቱን ሲበድል የእኅቱንም ጎጆ እያፈረሰ መሆኑን ያውቃል። ከወረቀትም ከመሐላም ይጠብቃል፤ መያዣው ሰው ነውና።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። መያዣዋ ራሷ ልጅቱ ነበረች። እርሷ ወደማታውቀው ቤት የምትሄደው ወንድሟ ወዳየው ቤት መግቢያ ስለሆነች ነው። እኅት የሌለው ወንድም ሚስት ለማግኘት ይቸገር ነበር። ሁለት ወጣቶች ተዋደው ቢጠፉ ነገሩ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ የለውጥ ዕዳ ይከተላል፣ ዕዳው ካልተከፈለ በጎሳዎች መካከል ጠብ ይነሣል። ማንጌማ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት የሚቀመጡ ሽማግሌዎች የቡድን ጠብ ወደ ደም እንዳይሄድ የሚደክሙበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የሴት ጉዳይም አንዱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ሲደነግግ፣ በእኛ ክልል ይህ ቃል ከባድ ሥራ የሚጠብቀው ቃል ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለብዙ ሴት ተማሪዎቻችን ስልክ በአባት ወይም በወንድም በኩል ሳይዞር በቀጥታ እነርሱን የሚያናግር ሰው ያመጣላቸው የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ይህን ጥቅም አቃልሎ «የድሮው ይሻል ነበር» ማለት የሚቀለው ለወንድ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ናፍቆት አልጋራም።

በበርታና በሌሎች ሙስሊም ቤተ ሰቦች ደግሞ ዋስትናው በኒካሁ ሥርዓት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ወሊይ አለ፣ ሁለት ምስክሮች አሉ፣ መህር አለ። የሙሽራይቱን ጥቅም የሚጠብቅ ሰው መኖሩ የሥርዓቱ አካል ነው። ወሊዩ ሥራውን በቅንነት ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሁሉ ሰዎች በተወለዱበት ቦታ፣ በሚተዋወቁ ቤቶች መካከል የሚሠሩ ናቸው። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ቦታ ሲገናኙስ? ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በደርግ ዘመን በሠፈራ ፕሮግራም ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ቤተ ሰቦች በአሶሳ ዙሪያ፣ ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞም በመተከል በጣና በለስ፣ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ተቀመጡ። አጥንት የሚቆጥርላቸው ሽማግሌ ከኋላ ቀርቷል። የጎረቤታቸውን አባት አያውቁትም። ልጆቻቸውን ግን ዳሩ። ከእነዚያ አዛውንቶች ጋር ቁጭ ብሎ ያወራ ሰው እንዴት እንደዳሩ ይሰማል፦ አብሮ ያረሰ፣ በአንድ ዕድር የቀበረ፣ ክርስትና ያነሣ ጎረቤት በሥጋ ዘመድ ቦታ ቆመ። «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» የሚለውን ቃል እርሱ ተናገረ። ዋስ በውርስ ብቻ የሚገኝ ነገር ቢሆን ኖሮ በእነዚያ መንደሮች ሠርግ ባልኖረም።

ዩኒቨርሲቲያችንም አንድ ዓይነት ሠፈራ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከየአቅጣጫው የመጡ ወጣቶች ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በዚህ ግቢ ይገናኛሉ። የማን ልጅ እንደሆንክ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቦታ መሆን ነጻነት አለው፤ እኔም በተማሪነቴ ቀምሼዋለሁ። ልዩነቱ በእኔ ጊዜ የማላውቃት ልጅ ቢያንስ በአንድ ካፍቴሪያ ትበላ ነበር። ጓደኛዋን መጠየቅ፣ ስትቆጣ ማየት፣ ለአስተናጋጅ እንዴት እንደምትናገር መስማት ይቻል ነበር።

የመካከለኛው ሰው መጥፋት የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ማይክል ሮዘንፌልድ፣ ሩበን ቶማስና ሶንያ ሃውሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ወንድና ሴት ጥንዶች እንዴት እንደተገናኙ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከተገናኙት መካከል በኢንተርኔት የተዋወቁት 2 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በ2017 ግን 39 በመቶ ደርሰዋል። በጓደኛ አስተዋዋቂነት የተገናኙት በዚሁ ዘመን ከ33 ወደ 20 በመቶ ወርደዋል። ተመራማሪዎቹ ለጥናታቸው የመረጡት ርዕስም ጓደኞች ከአስተዋዋቂነት ሥራቸው መፈናቀላቸውን የሚናገር ነው። ነገር ግን የዚያ አገር ሰው አገናኙን ያጣው የዋስትናውን ሥራ በከፊል የሚሸከሙ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና የግል መረጃ ሥርዓት ከቆሙ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሽማግሌው ከመንገዱ ሲነሣ ተተኪው ገና እየተሠራ ነበር።

ለምን በጽሑፍ የተጀመረ ፍቅር ቶሎ ይሞቃል? ለዚህ ጥሩ ማብራሪያ የሰጡት ጆሴፍ ዋልተር የተባሉ የኮሙኒኬሽን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ናቸው። አባባላቸውን በራሴ አማርኛ ልግለጸው። በጽሑፍ የሚነጋገር ሰው ከራሱ መልካሙን መርጦ ያቀርባል፤ ላቡ፣ ድካሙ፣ ማዛጋቱ አይታይም። ለመመለስ ጊዜ አለው፤ ጽፎ አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል። ተቀባዩ በበኩሉ ያላየውን ክፍል በራሱ ምኞት ይሞላዋል። ከዚያ እንደታሰበው ሰው አድርጎ ይመልስለታል፤ ያኛውም የተሰጠውን መልክ ለመምሰል ይጥራል። በዚህ መመላለስ ፊት ለፊት ከሚገኘው ቅርበት የበለጠ ቅርበት ይፈጠራል። አባቶቻችን «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ስለ አገር እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ሰው ግን ስልኩ ምሳሌውን ገልብጦታል፤ ያልታየው ሰው ከታየው ይበልጥ ይናፍቃል፣ ግማሹን ራሳችን ሠርተነዋልና።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውየው ቅን ሲሆን ነው። ቅን ባይሆንስ?

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2019 በአቅራቢያ ያሉ ተጠቃሚዎችን የሚያሳይ መሣሪያ አክሎ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ሰውየው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይናገራል። በ800 ሜትር ላይ እንዳለ እየነገራት ማን እንደሆነ አይነግራትም። የኩባንያው መሥራች ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 መሣሪያው እንዲነሣ ሲያደርጉ የሰጡት ምክንያት ከተጠቃሚዎች ከ0.1 በመቶ በታች የሚሆኑት ብቻ እንደሚገለገሉበትና የሮቦት አካውንቶችና አጭበርባሪዎች መጫወቻ መሆኑን ነው። አንድ ኩባንያ ሰውን ከሰው ማገናኘት ቀላል፣ ለተገናኙት ኃላፊ መሆን ግን የማይሸከመው ሥራ መሆኑን በዚህ አምኗል ብዬ አነበዋለሁ።

አሁን ወደ አንድ ታሪክ ልግባ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ፤ ፈቃዷንም ጠይቄያለሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ቤተ ሰቦቿ ከዚህ ሩቅ ናቸው። በቴሌግራም የተዋወቀችው ሰው በጉባ በሕዳሴው ግድብ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ነኝ አላት። ውሸቱ እንዴት በጥንቃቄ እንደተመረጠ ተመልከቱ። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ የሁላችንም ኩራት ነው፤ እዚያ የሚሠራ ሰው በስሙ ብቻ ይከበራል። ቦታው ጥበቃ የበዛበት ስለሆነ «በቪዲዮ መደወል አይፈቀድም» ሲላት አመነች። ከአሶሳ ጉባ ሄዶ ማረጋገጥ የማይታሰብ ነው። አጭበርባሪ ሁልጊዜ ማጣራት የማይደርስበትን ቦታ ይመርጣል፤ በሌላ ታሪክ ውስጥ መርከበኛ ይሆናል፣ ወይም በውጭ አገር የሚኖር፣ ስጦታ ልኮ «ለጉምሩክ ክፈይልኝ» የሚል ሰው ይሆናል።

ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ» አላት። የፈተና ቀኖቿን በቃሉ ያውቅ ነበር። በዚህ ከተማ ውስጥ ያን ያህል የሚያስታውሳት ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምናገረው እኛን መምህራንንም ስለሚመለከት ነው። ከዚያ ደመወዝ ዘገየበት፤ 500 ብር ላከች። ቀጥሎ 2,000 ብር። በቴሌብር ስትልክ በስክሪኑ ላይ የወጣው የተቀባይ ስም የእርሱ አልነበረም። «የጓደኛዬ ነው» አላት። ከስምንቱ ወር ሁሉ እውነተኛው ማስረጃ ያ ስም ነበር፤ በመታወቂያ የተመዘገበ ሰው ስም። አይታ አለፈችው። በመጨረሻ ፎቶ ጠየቃት፤ ላከች። ከዚያ በኋላ የጠየቃት ገንዘብ ብቻ ነው።

ወደ ቢሮዬ የመጣችው ልትከስ አልነበረም። ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ ልታስፈርመኝ ነው።

በዚህ ዓይነት ጉዳይ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካኝነት ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ ወይም ምስል በማሠራጨት ሰውን ወይም ቤተ ሰቡን በከባድ ጉዳት ያስፈራራ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በተደጋጋሚ መልእክት በመላክ ወይም ግንኙነቷን በመከታተል ፍርሃትና የሥነ ልቡና ጫና የሚያደርስ ደግሞ ቅጣቱ ከዚህ ይከብዳል። ተጎጂው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ ሌላ፣ ጠንከር ያለ ድንጋጌ አለ። እንግዲህ ፎቶ የላከችው ልጅ ወንጀለኛ አይደለችም፤ ወንጀለኛው በፎቶው የሚያስፈራራት ነው። ይህን ቀላል ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ለስንት ሰው መድገም እንዳለብኝ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ።

ማስረጃውን በተመለከተ ደግሞ፦ ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚያደርገው መልእክቱን ማጥፋት ነው፤ በዚህም የክሱን መሠረት ያጠፋል። የተጠቃሚ ስም በደቂቃ ይለወጣል። ስልክ ቁጥርና ገንዘብ የገባበት የቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ ግን ከተመዘገበ ሰው ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በስክሪን ሾት ይያዝ፣ የላከችበት ደረሰኝ ይቀመጥ፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ ይኬድ። ገንዘብ መክፈል አስፈራሪውን ዝም አያሰኘውም፤ እንደምትከፍል ያረጋግጥለታል።

ወንድ ተማሪዎቼንም በዚህ አጋጣሚ ላናግር። በዚህ ወጥመድ የወደቁ ወንዶች አውቃለሁ፤ እነርሱ ደግሞ ከሴቶቹ ይበልጥ ዝም ይላሉ። ሌላም አለ። የሴት ጓደኛውን ፎቶ በዶርሙ ለተቀመጡ ልጆች የሚያሳይ፣ ቀጥሎም በቡድን የሚያሻግር ልጅ ራሱን እንደ አስፈራሪ አይቆጥርም። የአስፈራሪው ንግድ ግን ገበያ ያገኘው ከእርሱ ነው።

ከማጭበርበር ወጥቼ በቅን ሰዎች መካከል ወዳለው ችግር ልመለስ፤ ቁጥሩም የሚበዛው እርሱ ነው። አስቀድሞ ያልተደረገ ማጣራት ጠፍቶ አይቀርም፤ ከተዋደዱ በኋላ በሌላ መልክ ይመጣል። «ኦንላይን ነበርሽ፣ ለምን አልመለስሽም?» «ፎቶህን ላይክ ያደረገችው ማን ናት?» «ከወደድከኝ የይለፍ ቃልህን ስጠኝ።» በመጀመሪያው ወር በአንድ ጥያቄና በአንድ የጋራ ወዳጅ ሊገኝ ይችል የነበረው መተማመን አሁን በቀን ሃያ ጊዜ በስልክ ፍተሻ ይፈለጋል፤ አይገኝምም። ዋስ የሌላቸው ሰዎች አንዱ የሌላው ዘበኛ ይሆናሉ። ይህን የቅናት ምልክት ብቻ አድርገን የምንመክር አማካሪዎች የምንሳሳት ይመስለኛል።

የዚህ ትስስር ቀጭንነት በግልጽ የታየው ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ መላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ከኢንተርኔት ስትለይ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ሲገደቡ፣ ለወራት «የኔ ፍቅር» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን የሚያገኝበት የቤት አድራሻም፣ የእኅት ስምም፣ የጎረቤት ስልክም እንደሌላቸው አወቁ። ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ብቻ ተያይዘው ነበር፤ መስመሩ ሲቆረጥ የሚጠይቁት ሦስተኛ ሰው የለም።

ታዲያ ዋሱ ማን ይሁን? ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወንድሟን ያስባል። እኔ ወንድሟን አልመርጥም፤ ቢያንስ ብዙ ጊዜ አልመርጥም። «ልጠብቅሽ» ብሎ የሚጀምር ወንድም ስልኩን ነጥቆ፣ ትምህርቷን አስትቶ እንደሚጨርስ አይተናል፤ እንዲህ ዓይነቱን ዋስ የምትፈራ ልጅ ደግሞ ችግር ሲገጥማት ለማንም አትናገርም። ዋሱን እርሷ ራሷ ትምረጥ፤ አክስት፣ የዶርም ጓደኛ፣ ከፍ ያለ ክፍል ያለች ተማሪ፣ መምህርት። ሥራው መፍቀድና መከልከል አይደለም። ሥራው የሰውየውን ስም ማወቅ፣ ስትሄድ ወዴት እንደሄደች ማወቅ፣ እርሷ በፍቅር አይታ ያለፈችውን በቴሌብር ላይ የወጣውን ስም በቀዝቃዛ ዓይን ማየት ነው። ከሰውየውም ወገን እንዲሁ፦ በሦስት ወር ውስጥ አንድም ጓደኛውን፣ አንድም ዘመዱን ያላስተዋወቃት ሰው ለምን እንዳላስተዋወቃት ይጠየቅ። ቅን ሰው በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ እርሱም ያው ጥያቄ አለበትና።

ርቀት ራሱ ዋስትናን እንደማያጠፋ በአካባቢያችን ምስክር አለን። በርታዎች በድንበሩ ሁለት ወገን የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ሸሽቶ ገብቷል፤ የተለያየ ቤተ ሰብም ብዙ ነው። በእስልምና ሥርዓት ሙሽራው ራቅ ብሎ ሳለ በወኪል ኒካህ ሊታሰርለት ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተ ሰብ ሕግ በበኩሉ ተጋቢዎች በግንባር እንዲቀርቡ ያዛል፤ ውክልናን የሚቀበለው በከባድ ምክንያትና በልዩ ፈቃድ ብቻ ነው። ሁለቱ በመልሱ ይለያያሉ፤ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ ለሌለው ሰው ማን ይናገርለታል?

ከባምባሲ አካባቢ የሆነ የማውቀው ወጣት ባለሙያ በፌስቡክ ከተዋወቃት፣ በአዊ ዞን ከምትኖር መምህርት ጋር ተጋብቷል። ሲተዋወቁ በወለጋና በካማሺ በኩል ያለው መንገድ አስተማማኝ አልነበረም፤ ሽማግሌ መላክ አይቻልም። የልጅቱ አጎት ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። የልጁን አባት የዕድር ሊቀ መንበር ስልክ ጠየቁ፣ ደወሉ፣ «ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ?» አሉ። ቀጥለው የመሥሪያ ቤቱን አንድ ባልደረባ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ በቪዲዮ ተያዩ፤ አንደኛው ሽማግሌ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ስለያዙት ለግማሹ ሰዓት የታየው ጆሯቸው ብቻ ነበር ብሎ እየሳቀ ነግሮኛል። መንገዱ እስኪከፈት ዓመት ጠበቁ። ዛሬ ሁለት ልጆች አሏቸው።

የጀመርኩትን ታሪክ ሳልጨርስ ልተው አልፈልግም። ያን ቀን ቅጹን አልፈረምኩም። ለማን እንደነገረች ጠየቅኋት፤ ለማንም። ለማን መንገር እንደምትችል ጠየቅኋት፤ ብዙ ቆይታ የአክስቷን ስም ጠራች። ከቢሮዬ ደወለችላት፤ እኔ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን አክስቷ በአውሮፕላን አሶሳ ገባች። አብረው ወደ ፖሊስ ሄዱ፤ መልእክቶቹና የቴሌብር ደረሰኞቹ ስላልጠፉ ማመልከቻው ባዶ አልነበረም። ሰውየው ፎቶውን ለቤተ ሰቧ እንደሚልክ ሲዝት አክስቷ ስልኩን ተቀብላ ቤተ ሰቧ እርሷ መሆኗንና ማየቷን ነገረችው። ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። ልጅቱ ግን በጊዜዋ ተመርቃለች።

አሁን ጥያቄያችሁንና ተቃውሟችሁን ልስማ።